«ይህ ነጥብ የት ያስገባል?»፦ ዝቅተኛ አማካይ ውጤት ያላቸው ተማሪዎችና የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ኮሌጆች ታሪክ

1. መግቢያ

የብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ነጥብ የት ያስገባል?» የሚለው ነው። ከፍተኛ ውጤት ያገኘ ተማሪ ይህንን ሲጠይቅ ከብዙ በሮች አንዱን ለመምረጥ ነው። ዝቅተኛ ውጤት ያገኘው ግን የሚጠይቀው የተከፈተ በር መኖሩን ለማወቅ ነው። የጥያቄው ቃል አንድ ቢሆንም የጠያቂዎቹ ሁኔታ እጅግ የተለያየ ነው።

ስለ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ የሚጻፈው ባመዛኙ ያለፉትን ተማሪዎች የተከተለ ነው። ያላለፉት የት እንደ ደረሱ የሚመረምር ጽሑፍ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በየዘመኑ ከተማሪው ቁጥር የሚበዛው ያላለፈው ወገን ሲሆን፣ የገጠሩን የጤና ረዳት፣ የእርሻ ልማት ሠራተኛና የአንደኛ ደረጃ መምህር ያፈራው በአብዛኛው ይኸው ወገን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አዳማን (ናዝሬትን) ማዕከል በማድረግ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ለያዙ ተማሪዎች በሩ በየዘመኑ ለምን እንደ ተከፈተ፣ ከተከፈተም በኋላ ስለ ምን ከፍ እያለ እንደ ሄደ መመርመር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ አኳኋን ካልተገለጹ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ነጥብ ከመምጣቱ በፊት የነበረው በር

የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ የሐዲዱ ከተሞች ሆኑ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ተቋቋመ። እነዚህ ተቋማት ከመሐንዲሱና ከሐኪሙ ይበልጥ በብዛት የሚፈልጉት መካከለኛ ሙያ ያለውን ሰው ነበር። መካኒኩ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ላቦራቶሪ ረዳቱና የእርሻ ልማት ሠራተኛው ከሌሉ መሐንዲሱ ብቻውን ፋብሪካ ሊያንቀሳቅስ አይችልም።

ከዚህም የተነሳ በአካባቢው ቀድመው የተከፈቱት የሙያ ማሠልጠኛዎች የዩኒቨርስቲ መግቢያ ነጥብን የሚጠይቁ አልነበሩም። ከጠላት ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት በናዝሬት የሜኖናይት ሚሲዮን ያካሂደው ከነበረው ሆስፒታል ጋር የተያያዘው የድሬሰሮች ማሠልጠኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያልጨረሱ ወጣቶችን ተቀብሎ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ የተለመደውን በሽታ ለይቶ መድኃኒት የሚሰጥ ባለሙያ ያወጣ ነበር። በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) በ1950ዎቹ የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ረዳቶች ትምህርት ቤትም ለአርብቶ አደሩና ለገበሬው ቅርብ የሆነ ባለሙያ ለማዘጋጀት የታሰበ ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች በበኩላቸው በመጀመሪያ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱትን ይቀበሉ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ዘመን ወደ እነዚህ ማሠልጠኛዎች የገባ ወጣት «ዩኒቨርስቲ ያጣ» ተብሎ አይቆጠርም ነበር። ዩኒቨርስቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የሚቀበለው ተማሪ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ ዩኒቨርስቲ አለመግባት የብዙኃኑ ዕድል እንጂ የውድቀት ምልክት አልነበረም። ድሬሰሩ በሰፈሩ የተከበረ ነበር፤ «ዶክተር» እያለ የሚጠራውም ብዙ ነበር። ማሠልጠኛውም ተማሪው ምን እንደ ጎደለው ሳይሆን አገሩ ምን እንደ ጎደላት አይቶ የተከፈተ ነበር።

3. የማትሪክ ሒሳብ

ይህን ሁኔታ የለወጠው፣ በተለምዶ «ማትሪክ» የሚባለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው። ዩኒቨርስቲው በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተዋቀረ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁጥር እያደገ ሲመጣ፣ ተማሪውን ሁሉ በአንድ መስፈሪያ የሚለካው ይኸው ፈተና ሆነ። አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚገኙባቸው አምስት ትምህርቶች ይደመሩና፣ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ እየተሰጣቸው ለአምስት ይካፈሉ ነበር።

መምህራን ይህን ሒሳብ ዘወትር ይሠሩት ስለ ነበር ብዙ ጊዜ ትርጉሙን አያስተውሉትም ነበር። በአምስቱም ትምህርት ሲ ያገኘ ተማሪ አማካይ ነጥቡ 2.0 ነው። በአራቱ ሲ፣ በአንዱ ዲ ያገኘው ደግሞ 1.8 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ትምህርት የአንድ ፊደል ልዩነት ብቻ ነው። ያም ፊደል የእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንደ መሆኑ መጠን፣ መጻሕፍትና የሠለጠነ መምህር ያለው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ተማሪና ከመቂ ወይም ከዝዋይ ገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማረው በዚህ ትምህርት እኩል ዕድል እንዳልነበራቸው ማንም ያውቃል። አማካይ ነጥቡ የተማሪውን ችሎታ ብቻ ሳይሆን የተማረበትን ቦታ ጭምር ይለካ ነበር ማለት ነው።

በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ ለመፍታት ሞክሮ ነበር። አጥኚዎቹ አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን የአገሪቱን የሥራ ዕድል እያየ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በሕዝቡ ዘንድ የተተረጎመው «የድኻው ልጅ ከአራተኛ ክፍል አይለፍ» ተብሎ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር። የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ወላጅ ለልጁ ሌላ መንገድ መዘጋጀቱን የሚቃወም አይደለም፤ መንገዱ ወደ ላይ የማያስወጣ መሆኑን ሲጠረጥር ግን ይቃወማል።

4. በሩ ከፍ የማለቱ ነገር

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 109 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአንድ ኮሚሽን ሥር ተጠቃለው የተማሪዎች ምደባ ከማዕከል የሚመራ ሆነ። የመቀበያው ነጥብም ባለው ቦታና በአመልካቹ ብዛት ይወሰን ስለ ነበር፣ ፈታኙ ሲበዛ ቦታው ግን በዚያው ልክ ሳይጨምር ሲቀር ቀድሞ ያስገባ የነበረ ነጥብ ኋላ የማያስገባ ሆነ። ዲግሪ ያልደረሰው ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማ ያልደረሰው የአንድ ዓመት የመምህራን ሥልጠና፣ እሱንም ያላገኘው የማታ ትምህርት ይፈልግ ጀመር።

በዚሁ ዘመን ቀስ በቀስ የታየ ሌላ ለውጥ አለ። ዝቅ ያለ የትምህርት ደረጃ ያላቸውን ለመቀበል የተቋቋሙ ማሠልጠኛዎች ሥራቸው እየተሳካ በሄደ ቁጥር ደረጃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች ከስምንተኛ ወደ አሥረኛ፣ ከአሥረኛም ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተሸጋገሩ። የእንስሳት ጤና ረዳቶች ይሠለጥኑባት በነበረችው በደብረ ዘይት በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። ይህ ሁሉ ለአገሪቱ እድገት ነው። ሆኖም ተቋሙ አንድ ደረጃ ከፍ ሲል፣ ቀድሞ ይቀበለው ለነበረው ተማሪ በስፍራው ምን እንደ ተተካ የሚጠይቅ አልነበረም።

ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ የሚሆነው የአዳማው ኮሌጅ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ሲከፈት በቴክኖሎጂ መስኮች የዲፕሎማና የዲግሪ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ቀጥሎም የቴክኒክ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተባለ፤ ተግባሩም በመላ አገሪቱ ለሚገኙ የሙያ ትምህርት ቤቶች መምህራን ማዘጋጀት ነበር። ይህም ማለት ከቀለም ትምህርት ይልቅ በእጁ ሥራ የሚበልጠውን ወጣት የሚያስተምሩት መምህራን የሚወጡት ከዚህ ነበር። በግንቦት 1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርስቲ ተብሎ ተመረቀ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ደግሞ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ሆነ። ዛሬ ይህ ተቋም ከአዲስ አበባው አቻው ጋር በልዩ የመግቢያ ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን የሚመርጥ ነው። ሁለት አሥርት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ግቢ ከዲፕሎማ ማሠልጠኛነት ወደ ምርጥ ተማሪዎች ተቋምነት ተሸጋገረ። የአዳማ ነዋሪ በዩኒቨርስቲው ይኮራል፤ ሊኮራም ይገባዋል። ነገር ግን ከቅጥሩ ማዶ የሚኖር መካከለኛ ተማሪ ዛሬ በዚያ በር አይገባም።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በብሪታንያ ለሥራ ዓለም የቀረበ ትምህርት እንዲሰጡ የተቋቋሙት ፖሊቴክኒኮች እ.ኤ.አ. በ1992 ዩኒቨርስቲ ተብለዋል። ተቋም እንደ ሰው ሁሉ ክብር ወዳለበት ይሳባል። ስለዚህ ዝቅተኛው በር በራሱ ተከፍቶ አይቆይም፤ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚጠብቀው ያስፈልገዋል።

5. የአሥረኛ ክፍል ፈተናና አዲሶቹ በሮች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በአሥረኛ ክፍል እንዲያበቃ አደረገ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪውን ወደ መሰናዶ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚለይ ሆነ። አማካዩ በሰባት ትምህርቶች ይካፈል ስለ ነበር 1.86ንና 2.00ን የሚለያቸው ያው እንደ ቀድሞው የአንድ ትምህርት አንድ ፊደል ነው። ለሴት ተማሪዎች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ መወሰኑ ብዙዎችን አሳልፏል። መሰናዶ ያልደረሳቸው ግን በነጥባቸው መጠን የአንድ፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሥልጠና ወዳላቸው መስኮች ተመደቡ።

በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ምደባ ጋር የሚነሳው ስም አላጌ ነው። ከቡልቡላ በስተ ምዕራብ፣ በአብጃታና በሻላ ሐይቆች አካባቢ የሚገኘው ይህ ስፍራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ያደጉበት የሕፃናት አምባ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሆኖ፣ አሥረኛን የጨረሱ ወጣቶችን ለሦስት ዓመት የሚያሠለጥን ሆነ። ሥልጠናው 70 ከመቶው በተግባር፣ 30 ከመቶው በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የታቀደ ነበር። ምሩቃኑም በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ልማት ሦስት ሠራተኞች ለእያንዳንዱ ቀበሌ በሚመደቡበት ዕቅድ በመላ አገሪቱ ተሰማሩ። አላጌ ከድሬሰሩ ዘመን ማሠልጠኛ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለው፤ ሲከፈት መድረሻው ታውቆ፣ ተመራቂው የሚሠራው ሥራና የሚሠራበት ቀበሌ ተለይቶ ነው። ሠልጣኙ መሰናዶ ባይደርሰውም ለምን እንደሚማር ያውቅ ነበር።

የመምህራን ትምህርት ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ሆነ። አሰላን ጨምሮ በክልሉ ያሉ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሥረኛን ጨርሰው መሰናዶ ያልደረሳቸውን ለአንድ ዓመት፣ ኋላም ለሦስት ዓመት እያሠለጠኑ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላኩ። ከእነዚህ መካከል የተዋጣላቸውና ለሙያቸው የተሰጡ መምህራን እንደ ወጡ ማንም ርዕሰ መምህር ይመሰክራል። ጉዳቱ ያለው በአመዳደቡ ላይ ነው። መምህርነት ለሌላ መስክ ያልበቃ የሚላክበት ሆኖ ከታየ፣ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ዝቅ ያለ ውጤት ያገኘው ወጣት ተመልሶ የሚያስተምረው እነዚያኑ ትምህርቶች ይሆናል። ከዐሥር ዓመት በኋላም የተማሪዎቹ አማካይ ነጥብ ዝቅ ሲል ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ለትውልዱ ሁሉ መሠረት የሆነውን ሙያ የዝቅተኛ ነጥብ ማጠራቀሚያ ማድረግ ግን ሌላ ነው።

ሦስተኛው በር የግል ኮሌጅ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሪፍት ቫሊ ኮሌጅ በአዳማ ተከፍቶ ኋላ ዩኒቨርስቲ እስከ መባል ደርሷል፤ ሌሎችም በአዳማ፣ በቢሾፍቱና በሻሸመኔ ተከታትለው ተከፈቱ። እነዚህ ተቋማት የመንግሥት ምደባ ላልደረሰው፣ ሥራ ላይ ላለውና ማታ ለሚማረው ሰው ሁለተኛ ዕድል ሰጥተዋል። ነገር ግን ተማሪው ክፍያ ከፋይ በሆነበት ቦታ መግቢያውን የማጥበብ ፍላጎት ዝቅተኛ እንደሚሆን የታወቀ ነው። የትምህርት ጥራት ተቆጣጣሪው አካል በ1990ዎቹ አጋማሽ መቋቋሙም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

6. ከመግቢያ ወደ መውጫ

የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። መለያው እንደገና ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተመለሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያገኙት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዙር 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በዚህ ስሌት ዝቅተኛ ነጥብ የጥቂቶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የብዙኃኑ ጉዳይ ሆኗል። መንግሥትም ከማለፊያው በታች ካገኙት መካከል ለተመረጡት በዩኒቨርስቲዎች የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርት ከፍቷል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ነገሩን ከሌላ ወገን አሳይቷል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ከመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ይህ አኃዝ የግል ተቋማትን ለመውቀስ ብቻ ሊጠቀስ አይገባም፤ የተቀበሉት ተማሪ ከመጀመሪያውም በመንግሥት ምደባ ያልተመረጠ ነበርና። ሆኖም አንድ እውነት ይናገራል። በመግቢያው ላይ የነበረው ክፍተት በመካከሉ ባሉት ዓመታት ካልተሞላ መውጫው ላይ ሳይቀነስ ይገኛል። ተማሪው ግን በዚያን ጊዜ የቤተሰቡን ገንዘብና የራሱን ሦስትና አራት ዓመታት ከፍሎበታል።

በብሪታንያ የተቋቋመው «ኦፕን ዩኒቨርስቲ» እ.ኤ.አ. በ1971 ትምህርት ሲጀምር የመግቢያ ውጤት አልጠየቀም። በምትኩ ጥንካሬውን በተዘጋጀ የትምህርት ጽሑፍ፣ በአስጠኚ ድጋፍና በፈተና ላይ አደረገ። ሰፊ በር የሚጸናው በውስጡ ያለው ድጋፍ ከሰፊው በር ጋር ሲመጣጠን ነው።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ታሪክ ሦስት ነገሮችን መጨበጥ ይቻላል።

አንደኛ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ላላቸው የተከፈቱ ተቋማት በራሳቸው ሲተዉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በሩም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርስቲነት ሲያድግ ዕቅድ አውጪው «እስከ ዛሬ ይቀበለው የነበረውን ተማሪ ከነገ ጀምሮ የሚቀበለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በዕቅዱ ውስጥ ማስፈር ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ፍሬ የሰጡት ማሠልጠኛዎች የተማሪውን ጉድለት ሳይሆን የአገሩን ፍላጎት መነሻ ያደረጉት ናቸው። መምህርነት በተለይ በፍላጎትና በችሎታ ተመርጦ የሚገባበት እንጂ ከሌላው የተረፈው የሚሞላው መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለተማሪው ሊሰጠው የሚገባ ምክር «የትኛው ኮሌጅ ይቀበልሃል?» ከሚለው አልፎ መሄድ አለበት። ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው የሚገባበት መስክ በዚያው ከተማ ላለው ካምፓስ የተፈቀደ መሆኑ ይጣራ። ምሩቃኑ በብቃት ማረጋገጫና በመውጫ ፈተና ያገኙት ውጤት ይጠየቅ። ከዚያ ደረጃ ወደሚቀጥለው የሚያሻግር መሰላል መኖሩም ይታወቅ። መስፈርቱን ሳያሟላ የገባ ተማሪ፣ ቢመረቅም እንኳ፣ ማስረጃው ተቀባይነት ሊያጣ እንደሚችል ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ሊነገረው ይገባል።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ ወጣት ምክርም ወቀሳም ሻጭም ይበዛበታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ያለ ጥቅም የሚመክረው ምናልባት መምህሩ ብቻ ነው። መምህሩ በሩን ሊከፍትለት ባይችልም፣ የትኛው በር ወደ ክፍል፣ የትኛውም ወደ ባዶ ግቢ እንደሚያስገባ አስቀድሞ ሊያሳየው ይችላል።